ውኃው ሲዋኝብኝ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ሕልም እንደ ፈቺው ነውና እናንተም በደህና ፍቱልኝ።

በሕልሜ ወደ ባቦጋያ ሐይቅ እየሄድኩ ነበር። ሐይቁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ሁልጊዜ ቁልቁል ወርደን የምናገኘው ውኃ እንደ ተደፋ ሳህን ተገልብጦ፣ ኮረብታ ሆኖ ቆሟል። ሰዎች በደረቅ ጫማ ሽቅብ ይወጡታል። እኔም መውጣት ጀመርኩ። ውኃው እግሬ ሥር እንደ አዲስ ቆዳ ይንቋቋል። አላላበኝም።

ለምን እንደምሄድ አውቀዋለሁ። የጀልባ ውድድር አለ። ይኼ እንኳ ሕልም አይደለም፤ በውኑም ውድድሩ የነጋታው ነበር፤ እኔም ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘርጋው እባላለሁ፤ ሸራ ሰፊ ነኝ። ለጭነት መኪና፣ ለድንኳን፣ ለሱቅ ጥላ እሰፋለሁ። ሻምበል ጥላዬ፣ ዱሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል የነበሩ ሽማግሌ፣ የነፋስ ጀልባቸውን ሸራ ጠግንልኝ ብለው እኔ ጋ አመጡ። እየሰፋሁ ሲያወሩልኝ እሰማለሁ። መስማት እወዳለሁ። ትምህርት ቤት ብዙም አልዘለቅኩም፤ የማውቀውን ሁሉ ከሬዲዮ፣ ከስብከትና ከደንበኞቼ አፍ ነው የለቀምኩት። ሰው ሲያወራ ደግሞ ዝም ብዬ አልሰማም። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስብ አድርጌ አዎ እላለሁ። አገሩ ሁሉ ይለዋል፤ እኔ ግን ሳላበዛው አልቀርም። ባለቤቴ አስካለ «አንተን እያወራ የሚያይህ ሰው ሊታነቅ ነው ብሎ ውኃ ይዞልህ ይሮጣል» ትለኛለች።

ሻምበል ስለ ቀይ ባሕር ማዕበል አውርተው አውርተው፣ መሀል ላይ «ከኛ ጋር ትወዳደራለህ አይደል?» አሉኝ። ትንፋሼን ሳብኩ። «ዋናም ትችላለህ አይደል?» አሉኝ። አሁንም ሳብኩ።

ዋና አልችልም። ለጥምቀት ታቦት ወደ ባሕሩ ሲወርድ እንኳ ዳር ቆሜ የሚደርሰኝን ጠብታ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ግን የሽማግሌን ቃል እንዴት አድርጎ ነው መሀሉ ላይ የሚያቋርጡት? ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ ወጣን። ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ባልኩ ቁጥር ሻምበል ሌላ ወሬ ይጀምራሉ። እንግዲህ ይኼን በሆዴ ይዤ ነው የተኛሁት።

በውኃው ኮረብታ ግርጌ ዓሣዎች ዣንጥላ ዘርግተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። መንጠቆዋቸውን ወደ መንገዱ ወርውረው ሰው ይጠብቃሉ። መንጠቆው ላይ የተሰካው ትል አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። አንድ ትልቅ የቆሮሶ ዓሣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ።

«ደህና አደርክ አይደል?» አለኝ።

ትንፋሼን ሳብኩ። ከንፈሬን ቀጭን ነገር ወጋኝ።

«ተያዘ» አለ ቆሮሶው ለጎረቤቱ።

«ምነው፣ አይታገልም እንዴ ይኼ?»

«እንዲህ ያለው ነው ጥሩው። ጨዋ ነው። ጨዋ ሰው ክር አያስበጥስም።»

ክሩን ጠቀለለው፤ እኔም እየተከተልኩ ወጣሁ። አላመመኝም። እንዲያውም ሰው ይዞ የሚመራኝ በመኖሩ ደስ ሳይለኝ አልቀረም። አሁን ሳስበው የሚዘገንነኝ እሱ ነው።

ኮረብታው ወገብ ላይ ጀልባዎቹ እንደ በቅሎ ታስረው ገለባ ይበላሉ። ልምምድ ተጀምሯል። የሚለማመዱት ግን ገመዶቹ ናቸው፤ ሰው ይቋጥራሉ። አንዲት የሸበተች ገመድ ወጣቶቹን ሰብስባ ክንዴን ከአንገቴ ጋር ቋጠረችው።

«አያችሁ?» አለቻቸው። «ይኼ ዓይነቱ ሰው ሲረጥብ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ፍታኝ ብሎም አያውቅም። እስቲ ጠይቁት።»

«ይጠብቅብሃል?» አለኝ አንዱ ቀጭን ገመድ።

«ኧረ ምንም አይልም» አልኩት።

ገመዶቹ ሁሉ ሳቁ። የገመድ ሳቅ ሰምታችሁ አታውቁም፤ በር በሌለበት ቤት በር ሲሰነጠቅ ማለት ነው።

ዞር ስል ለሜሳን አየሁት። ለሜሳ ጋራዥ ያለው ጎረቤቴ ነው፤ ከሻምበልና ከእኔ ጋር ጀልባዋ ላይ ሦስተኛው ሰው። በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ትከሻውን በመቆንጠጫ ተይዞ ተሰጥቷል። ከእግሩ ጣቶች ውኃ ይንጠባጠባል።

«ለሜሳ! ምን ሆነህ ነው?»

«ምን እሆናለሁ፤ ዋኘብኝ።»

«ማን?»

«ውኃው ነዋ! አንተ ደግሞ!» አለና ሳቀ። ሲስቅ ከጆሮው ውኃ ወረደ። «ሰው ነው ውኃ ውስጥ የሚዋኘው ብለህ ነው እስከ ዛሬ የኖርከው? ውኃው ነው ሰው ውስጥ የሚዋኘው። ዋና ትችላለህ ማለት ሲገባብህ ዝም ትላለህ ማለት ነው። እኔ አልቻልኩበትም፤ አሳለኝና አስጡኝ። አንተ ግን ከሁሉ ትበልጣለህ አሉ። ከተማው አንተን ሊያይ ነው የወጣው።»

«ማነው እበልጣለሁ ያለው?»

«አንተ ራስህ ነሃ» አለኝ ለሜሳ፤ ሳቁን አቆመ።

ሻምበል ጥላዬ መጡ። ጢማቸው ያው ነው፤ ኮፍያቸውም ያው። ጥላቸው ግን እርጥብ ነበር። እሳቸው ደርቀው፣ የወደቀው ጥላቸው ብቻ እየተንጠባጠበ ይከተላቸዋል።

ሰማዩን አየሁ። ቅጠል አይነቃነቅም።

«ሻምበል፣ ነፋስ የለም እኮ» አልኳቸው።

«ለቅሶ ሄዷል።»

«የማን ለቅሶ?»

«ገና አልታወቀም። እሱ አስቀድሞ ነው የሚሄደው።»

ይኼን ሲሉ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ለቡና ቤት አስተናጋጅ ሒሳብ አምጣ እንደማለት አድርገው ነው ያሉት።

«ታዲያ ያለ ነፋስ በምን እንሄዳለን?»

«ባንተ ነዋ ልጄ። ስትስብ አየር ይመጣል። አየሩ ሲመጣ ሸራው ይነፋል። እኔ አወራለሁ፣ አንተ ትሰማለህ። እስከ ዛሬስ ያደረግነው ሌላ ምን ነበር?»

«የሚያሸንፈውስ ማነው?»

«ያልተመለሰው» አሉ።

ጀልባዋ ፊት ላይ አስቀመጡኝ። እኔው በእጄ የሰፋሁት ሸራ ከላዬ ተሰቅሏል። ቀና ብዬ ሳየው ስፌቴ ሁሉ እንደ ከንፈር ገርበብ ብሎ ተከፍቷል። ድርብ ስፌት ነበር የሰፋሁት፤ ድርብ ከንፈር ሆኗል።

ከግራችን ባለችው ጀልባ ላይ የሰፈራችን ስብሰባ ሰዎች ነበሩ፤ በዓይን ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። በስብሰባው እጃቸውን እንዳወጡ ቀርተው፣ እጃቸው ምሰሶ ሆኖ ሸራ ተሰቅሎበታል። «የሚቃወም?» ይላል አንድ ድምፅ። ዝም። «ድምፀ ተአቅቦ?» ዝም። በእያንዳንዱ ዝምታ ጀልባዋ ክንድ ያህል ወደፊት ትሄዳለች። ከቀኛችን ባለችው አንዲት ሙሽራ ብቻዋን ተቀምጣለች። የማይታይ ሰው «ወደሽ ነው አይደል?» ይላታል። ትስባለች። ቬሏ ይነፋል። ደግሞ ይጠይቃታል። ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ፤ የምትለው ነገር ያላት ትመስላለች፤ ጥያቄው ግን ፋታ አይሰጣትም።

መነሻው ላይ ጥይት አልተተኮሰም። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ምልክቱ ያ ነበር።

«ዘርጋው» አሉኝ ሻምበል ከኋላዬ መሪውን ይዘው። «ተመችቶሃል አይደል?»

ሳብኩ። ሸራው ተነፋ። ጀልባዋ ሸርተት አለች። ከዳር ጭብጨባ ተሰማ።

«አልፈራህም አይደል?»

ሳብኩ። ሄድን። ያን ጊዜ ነው ነገሩን ያወቅሁት። የሳብኩት አይወጣም። ደረቴ ውስጥ እንደ ጠጠር እየተደራረበ ይቀመጣል። ላወጣው ሞከርኩ፤ አፌ ወደ ውጭ የሚሄድበትን መንገድ ረስቶታል። ጀልባዋ ከብዳ ዝቅ አለች፤ ውኃው ጫማዬን ነካው።

«ሻምበል፣ ውኃ...»

«ጫማህ ደረቅ ነው አይደል?»

ሳብኩ። ውኃው ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ።

«ድሮም ጉልበትህን ሲያምህ ቀዝቃዛ ይሻልሃል አይደል?»

ሳብኩ። ጉልበቴ ደረሰ። እውነት ለመናገር ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም። ግን አነጋገራቸው ያምር ነበር። ሰው እንዲህ አምሮለት ሲናገር አዎ አለማለት የሰው ማዕድ ረግጦ እንደማለፍ ነው የሚሆንብኝ።

«አስካለን ተሰናብተህ ነው የወጣኸው አይደል?»

እዚህ ላይ መሳብ አልፈለግኩም። ጥርሴን ነከስኩ። አልተሰናበትኳትም። ነገር ግን ከላዬ ያ የገዛ ስፌቴ፣ ድርብ ከንፈሩን ከፍቶ በእኔ ፋንታ ሳበ። ደረቴ ሞላ። ውኃው አንገቴ ላይ ወጣ፤ ቀጥሎ አፌን፣ ቀጥሎ ዓይኔን ዘጋ። ከዳር ያለው ሕዝብ ሲያጨበጭብ ከላይ እንደ ዝናብ ይሰማኛል።

ታች ሰፊ ግቢ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይመስላል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አልነበረም፤ የሚያመሰግን የለም። ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። የሁሉም አፍ ክብ ሆኖ ተከፍቷል። አንድ ድምፅ ይናገራል። ተናጋሪው አይታይም፤ የሚለውም አይገባም። ግን ማቋረጥ ነውር የሚሆንበት ዓይነት ድምፅ ነው። ማንም መቼ እንደጀመረ አያስታውስም፤ ይጨርሳል ብሎ የሚጠብቅም የለም።

ከቆሙት መሀል አባቴን አየኋቸው።

አባቴ ካረፉ ቆይተዋል። በሕይወታቸው ለማንም አይ ብለው አያውቁም። ጎረቤታቸው «አጥሬን ትንሽ ልግፋው አይደል?» ሲላቸው አዎ፣ በዓመቱም ደግሞ አዎ እያሉ፣ ሲሞቱ አስከሬናቸው የወጣው በጎን በኩል ነው፤ ደጃፉ አላሳልፍ ብሎ። ሰው ግን ወደዳቸው። ለእኔም ያወረሱኝ ይኼንኑ ነው።

ጋቢያቸው ውኃው ውስጥ ቀስ ብሎ ይውለበለባል።

«መጣህ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው ያው የጥንቱ፣ ለስላሳው ነው። «ቦታ ይዤልህ ነበር። ከመቆም በቀር ሥራ የለም፤ መስማት ብቻ ነው፤ አንተ ደግሞ መስማት ትወዳለህ። አጠገቤ ትቆማለህ አይደል?»

ትንፋሼ ከሆዴ ሲነሳ ተሰማኝ። እንደ ለመደ ውሻ ነው፤ ሳልጠራው ይመጣል። ብስበው የሚገባው አየር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ውኃው ከንፈሬ ላይ አድብቷል፤ ሊዋኝብኝ። አይ ብልስ? አባቴን፣ ያውም ሞተው፣ ያውም ቦታ ይዘውልኝ? አይ የሚለውን ቃል አፌ ውስጥ ፈለግኩት። እኛ ቤት ኖሮ አያውቅም።

በልቤ እመቤቴን ጠራሁ። ጸሎቱ ትዝ አላለኝም፤ ስሟን ብቻ ነው የጠራሁት። ያን ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲባረክ ታየኝ። እሑድ እሑድ ከኋላ ቆሜ የምሰማው ነው። ለዚያ ለምርቃት ቃል ማንም ወደ ውስጥ ስቦ አይመልስም። እሱ የሚመለሰው ወደ ውጭ ነው።

«አባዬ» አልኩ። እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም። «ይመርቁኝ።»

ያ የሚናገረው ድምፅ ቆመ። ክብ አፎች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ ደነገጡ። ከሞቱ ወዲህ ምርቃት የጠየቃቸው ሰው የነበረ አልመሰለኝም። እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ ቀስ ብለው አወጡ፤ እንዴት እንደሚዘረጋ የረሱት ይመስል ጥቂት አዩት። ከዚያ ዘረጉት።

«ከሙላት ያውጣህ» አሉ።

«አሜን!»

ጮኼ ነው ያልኩት። ከደረቴ የመጀመሪያው ጠጠር ወጣ። አረፋ ሆኖ ሽቅብ በረረ።

«እግርህ ደረቅ መሬት ይርገጥ።»

«አሜን!»

ጫማዬ ከመሬቱ ለቀቀ። ከላይ የሸራው ጨርቅ ተርገበገበ፤ ነፋስ ነው፤ የእኔው ነፋስ።

«ልጄ፣ አንደበትህን ይፍታልህ» አሉ አባቴ፤ ይቺን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ።

«አሜን! አሜን!»

ወጣሁ። ቁልቁል ሳያቸው አባቴ እያነሱ፣ እያነሱ ሄዱ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ለገዛ ምርቃታቸው አሜን እያሉ ነበር። ከአፋቸው አንዲት ትንሽ አረፋ ወጥታ እኔን ተከትላ መጣች፤ አጠገቤ ስትደርስ ፈነዳች።

ከውኃው ብቅ ስል ሻምበል፣ ለሜሳ ከነመቆንጠጫው፣ ገመዶቹ፣ ሙሽራዋ፣ ዓሣዎቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ባለኝ ኃይል ጮህኩ፦

«ዋና አልችልም!»

ቆሮሶው ዣንጥላውን ዘጋ። «አበላሸው» አለ በሐዘን። የውኃው ኮረብታ ተገለበጠ።

«ማን ትችላለህ አለህ?» አለችኝ አስካለ።

አልጋው ላይ ቆሜአለሁ። ብርድ ልብሱን በሁለት እጄ እንደ ሸራ ወጥሬ ይዣለሁ። ነግቷል። ቁጭ አድርጋ ላቤን ጠረገችልኝ፤ ሕልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳት። ተሰናብተሃታል የተባልኩበትን ብቻ ዘለልኩት።

«ምርቃት ያለበት ሕልም ክፉ አይሆንም» አለች። «አሁን ሲመጡ ይኼንኑ በላቸው። ሁለት ቃል ናት። በል እስቲ።»

«ዋና አልችልም።»

«አሁንም።»

«ዋና አልችልም።»

«ጎበዝ። እንዲህ ነው ወንድ» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ተከትላኝ ወጣች። እንደማታምነኝ አውቃለሁ።

የመኪና ጡሩንባ ተነፋ። ሻምበል ጥላዬ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ለሜሳ ከጎናቸው ነው። ሁለቱም ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ለብሰዋል። ለሜሳ የሚያስለው ነገር አለ።

«የኔ ጀግና!» አሉ ሻምበል። «አትታዘበን እንግዲህ፤ ጃኬቱ ሁለት ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንዱን ለለሜሳ ሰጠሁት፤ ዋና ላይ ድንጋይ ነው።»

«ኧረ ድንጋይስ ይሻላል» አለ ለሜሳ።

«አንዱን እኔ ለበስኩ። ባሕር ኃይል ነበርኩ ስል ሰው ሁሉ ዋናተኛ ያደርገኛል። ግምጃ ቤት ነበርኩ ዘርጋው። ባሕሩን ያየሁት በመስኮት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አንወጣም ነበር፤ ሌሊቱን እንቅልፍ የወሰደኝ አንተን አስቤ ነው።»

ቃሏ ምላሴ ላይ ነበረች። ግን ሲያወሩ ነው፤ ገና አልጨረሱም።

«ሻምበል» አልኩ። «መጀመሪያ ይመርቁኝ።»

ሳቁና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ምርቃቱ ስንመለስ ይደርሳል፤ አሁን ረፍዷል። ለሁሉም፣ ብንገለበጥ ሁለታችንንም ታወጣናለህ አይደል?»

አስካለ ከኋላዬ ሸሚዜን ጨበጠች። በሩ ላይ ያለውን ግራር አየሁት፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ነፋሱ የት እንደሄደ አውቃለሁ።

ትንፋሼን ሳብኩ።